ለጀማሪ የቴአትር ባለሙያዎች ደመወዝ ያለው የሙያ መልመጃ፦ ገንዘቡ እንዴት ይሰላል፣ ከየት ይገኛል፣ እንዴት ይመራል

የመብራት፣ የድምፅ፣ የዲኮር፣ የአልባሳት ወይም የስቴጅ ማናጀር ሥራ የሚለመደው መድረኩ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ የቱንም ያህል ቢማር፣ የቴክኒክ ልምምድ ሳምንቱን (ትርኢቱ ከመከፈቱ በፊት መብራት፣ ድምፅና ዲኮር የሚቀናጁበትን) ከነምሽቱ ያልሠራ ሰው ትርኢት ብቻውን ሊይዝ አይችልም። ይህን ጊዜ ያለ ክፍያ እንዲያሳልፍ የሚጠይቅ ቴአትር ቤት ደግሞ የቤት ኪራዩን ሌላ ሰው የሚከፍልለትን ወጣት ብቻ ያገኛል፤ ጎበዞቹ ገና በሩ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ መልመጃው ደመወዝ ያስፈልገዋል፣ ደመወዙም በየወሩ ሳይቆራረጥ የሚመጣ ገንዘብ። ከዚህ በታች ያለው ከሥራ ዝርዝር ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ዓመት የገንዘብ ጥያቄ ድረስ ያለው አካሄድ ነው።

1. ከገንዘቡ በፊት ሥራውን ጻፉ

አንድ ለማጅ አንድ ሙያ ይያዝ። «ሁሉንም ክፍል ይዞርና ያያል» የሚባለው ዕቅድ ለጉብኝት ይሆናል እንጂ ሙያ አያስይዝም፤ ሁለት ወር መብራት፣ ሁለት ወር አልባሳት፣ ሁለት ወር ትኬት መሸጫ የቆየ ሰው በመጨረሻ የትኛውንም ብቻውን አይሠራም። ሌሎቹን ክፍሎች እንዲያውቅ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሳምንት ይበቃል።

ጊዜው ቢያንስ 12 ወር ይሁን። ባጠረ ጊዜ ለማጁ አንድ ዓይነት ዝግጅት ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ መድረኩ ዝግ የሚሆንበትን የጥገና ወቅትም አያገኘውም። ለመመዘኛ ያህል፣ በአሜሪካ በመንግሥት የሚመዘገብ መልመጃ ቢያንስ 2,000 ሰዓት የሥራ ላይ ልምምድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ጋር በዓመት 144 ሰዓት የክፍል ትምህርት ይመከራል። በጀርመን የዝግጅትና የመድረክ ቴክኒክ ባለሙያ መልመጃ 3 ዓመት ይፈጃል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ስለ ጥራት ያለው መልመጃ የሚናገረው ምክረ ሐሳብም ለማጆች በቂ ክፍያ እንዲያገኙ ይላል። ለገንዘብ ሰጪ ስትጽፉ እነዚህን መጥቀስ ይጠቅማል።

ቁጥሩን የሚወስነው የአሠልጣኝ ብዛት ነው። አንድ አሠልጣኝ አንድ ለማጅ፣ ግፋ ቢል ሁለት። ሁለት ቴክኒሻን ያለው ቤት ሦስት ለማጅ ሲቀበል ሦስቱም ኬብል ጎታች ሆነው ይቀራሉ። አንድ መፈተኛም አለ፦ ለማጁ በመጀመሪያው ወር ቢቀር ትርኢቱ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ያላችሁ ክፍት የሥራ መደብ ነውና ሠራተኛ ቅጠሩ። ለዚያ መደብ የመልመጃ ገንዘብ መጠየቅ ነባር ባለሙያዎችን ያፈናቅላል፤ ማኅበራቸውም በትክክል ይቃወማችኋል።

ከዚያ የ12 ወሩን ዕቅድ በሩብ ዓመት ከፍላችሁ ጻፉ። የመብራት ለማጅ ቢሆን፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመብራት ፕላን ማንበብ፣ ኬብል መጠቅለል፣ መብራት ከነደኅንነት ሰንሰለቱ መስቀል፣ ከየትርኢቱ በፊት ሁሉንም መብራት አንድ በአንድ አብርቶ ማየት። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር መብራቶቹን ማነጣጠርና አድራሻ (የመነሻ ቻናል ቁጥር) መስጠት። እዚህ ላይ ትምህርቱ ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ ይታይ፦ ከመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ወደ መብራቶቹ ትእዛዝ የሚያደርሰው አንድ የዲኤምኤክስ መስመር 512 ቻናል አለው። 24 ቻናል የሚወስድ ተንቀሳቃሽ መብራት በ1 ቢጀምር እስከ 24 ይይዛል፤ ቀጣዩ በ25 መጀመር አለበት። ለማጁ በስህተት 20 ቢሰጠው ሁለቱ መብራቶች አምስት ቻናል ይጋራሉ፤ አንደኛው ሲታዘዝ ሌላው ቀለሙን ይለውጣል ወይም ፊቱን ያዞራል፣ ጥፋቱም የተበላሸ መብራት ይመስላል። ይህን ራሱ ፈልጎ ያገኘ ለማጅ ዳግም አይሳሳትም፤ ፈልጎ እንዲያገኝ ግን ከጎኑ ቆሞ ግማሽ ሰዓት የሚታገሠው ሰው ያስፈልጋል። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ወር አሠልጣኙ ከጎኑ ተቀምጦ ትርኢት ላይ ሰሌዳውን ይይዛል። በመጨረሻው ሩብ ዓመት አንድ አነስተኛ ዝግጅት ከፕላን እስከ መጨረሻው ምሽት ለእሱ ይሰጠዋል።

2. ሙሉውን ወጪ አስሉ

ብዙ መርሐ ግብሮች የሚሞቱት እዚህ ነው። ደመወዙን ብቻ ደምረው ይጠይቃሉ፣ ያገኛሉ፣ ከዚያ በ5ኛው ወር የአሠልጣኙ ትርፍ ሰዓት፣ የማታ መጓጓዣና ኢንሹራንሱ ከየት ይምጣ ይባላል።

የሚከተለው ስሌት በማንኛውም ገንዘብ እንዲሠራ፣ የአንድ ጀማሪ ግን ሙሉ ቴክኒሻን የወር ደመወዝ 100 ነው እንበል። የአሠልጣኙና የአስተባባሪው እያንዳንዳቸው 150 ይሁን። የሥራው ወር 160 ሰዓት ነው። ለማጁ ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት 70፣ ለቀጣዮቹ አራት 80፣ ለመጨረሻዎቹ አራት 90 ያገኛል። 70ው በሀገሩ ሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ከሆነ ከፍ ይደረጋል። ለሁለት ለማጆች በዓመት፦

- መደበኛ ደመወዝ፦ 1,920
- የቴክኒክ ሳምንት ትርፍ ሰዓት፦ 112
- የአሠሪ ድርሻ (ጡረታ፣ ኢንሹራንስና የመሳሰለው፣ 15 በመቶ ቢሆን)፦ 305
- የአሠልጣኝ ሰዓት፣ ለአንድ ለማጅ በወር 16 ሰዓት፦ 360
- የማታ መጓጓዣ፦ 120
- የደኅንነት ጫማ፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ የእጅ መሣሪያ፦ 80
- የውጭ ኮርስ (ከፍታ ላይ መሥራት፣ የኤሌክትሪክ ደኅንነት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ)፦ 60
- አስተባባሪ፣ በሳምንት አንድ ቀን፦ 360
- መጠባበቂያ 5 በመቶ፦ 166

ድምሩ 3,483። መደበኛው ደመወዝ ከዚህ 55 በመቶ ብቻ ነው፤ 1,920 ብቻ የጠየቀ ቤት 1,563 ጎድሎታል ማለት ነው።

ትርፍ ሰዓቱ የመጣው እንዲህ ነው። በመደበኛ ሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ለማጅ በቴክኒክ ሳምንት 55 ይደርሳል። በዓመት አምስት ዝግጅት ካለ 75 ትርፍ ሰዓት ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ የ112.5 ሰዓት ክፍያ ነው። አማካይ የሰዓት ክፍያው 0.5 ስለሆነ ለሁለቱ ለማጆች 112 ያህል ይመጣል። ማባዣው እንደየሀገሩ የሥራ ሕግ ይለያያልና የራሳችሁን አስገቡ። «በዚህ ሳምንት የሠራኸውን በሚቀጥለው ታርፋለህ» እየተባለ የሚታለፈው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ትርኢቱ ተከፍቷል።

የማታ መጓጓዣን አትሰርዙ። ዲኮር ፈርሶ ሲያልቅ የሕዝብ መጓጓዣ አይኖርም። ሴት ለማጆች ሥራውን ከሚተዉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ከበጀቱ የሚወስደው ግን ከ4 በመቶ በታች ነው።

ቤቱ ዝግ የሚሆንባቸውን ወራትም ቆጥራችሁ ክፈሉ። ለማጁ በእነዚያ ሳምንታት ጥገና፣ የዕቃ ቆጠራና ኮርስ ይሠራል። ክፍያውን ትርኢት ባለበት ወር ብቻ ካደረጋችሁት ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል፤ ያፈሰሳችሁበትም አብሮት ይሄዳል።

3. ገንዘቡን ከብዙ ቦታ አሰባስቡ

ከአንድ ምንጭ ከ40 በመቶ በላይ አይምጣ። ያ ምንጭ ሲደርቅ መርሐ ግብሩ በአንድ ደብዳቤ ይዘጋል። ለላይኛው 3,483 ሊሠራ የሚችል ድልድል ይህ ነው፦ ከትኬት 700፣ ከቤቱ ነባር ሠራተኞች ሰዓት 720፣ ከፋውንዴሽን ወይም ከባህል ፈንድ 1,200፣ ከግለሰብ ለጋሾች 500፣ ከየዝግጅቱ በጀት 363።

ትኬት። 300 ወንበር ያለው ቤት በዓመት 120 ትርኢት አሳይቶ 65 በመቶውን ወንበር ቢሸጥ 23,400 ትኬት ይሆናል። አማካይ ዋጋው በላይኛው መስፈሪያ 1.5 ከሆነ 2 በመቶ ጭማሪ 702 ያስገኛል፤ ይህ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነው። ጭማሪው ለምን እንደሆነ ትኬቱ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ገንዘቡም ወደተለየ ሒሳብ ይግባ። ከአጠቃላይ ገቢ ጋር ከተቀላቀለ ለጄኔሬተር ነዳጅ ያልቃል። ሌላው ምንጭ ሁሉ ቢጠፋ ይህ ስለሚቀር፣ ትንሽ ቢመስልም መጀመሪያ ማቋቋም ያለባችሁ ይኸኛውን ነው።

የዝግጅት በጀት። 363ን ለአምስት ዝግጅት ስታካፍሉት ለአንዱ 73 አይሞላም። እያንዳንዱ ፕሮዲዩሰር ከዲኮርና ከአልባሳት ጎን «የለማጅ ድርሻ» የሚል መስመር ያስገባል። በጀቱ ሲጸድቅ ያልገባ መስመር በኋላ አይገባምና ከመጀመሪያው የበጀት ስብሰባ በፊት ተስማሙ።

የራስ ሠራተኛ ሰዓት። የአሠልጣኙና የአስተባባሪው 720 ቤቱ ቀድሞም የሚከፍለው ደመወዝ ስለሆነ እንደ ቤቱ መዋጮ ይቆጠራል። የሚቆጠረው ግን ሰዓቱ በእርግጥ ከሌላ ሥራ ሲነሳላቸው ነው። ወረቀት ላይ 16 ሰዓት ተጽፎ አሠልጣኙ እንደ ወትሮው ሁለት ዝግጅት ከያዘ ለማጁ አሠልጣኝ የለውም።

ፋውንዴሽንና የመንግሥት ፈንድ። ገንዘቡ ምን እንደሚሸፍን መስመር በመስመር አንብቡ። ብዙ የመንግሥት የሥልጠና ፈንድ ኮርስ ይከፍላል፣ ደመወዝ አይከፍልም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው የመልመጃ ቀረጥ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የደመወዝ ወጪያቸው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ ያለፈ አሠሪዎች ከዚያ በላይ ካለው የደመወዝ ወጪ ላይ 0.5 በመቶ ያዋጣሉ፣ ገንዘቡ ግን ለሥልጠናና ለምዘና እንጂ ለለማጁ ደመወዝ አይውልም። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ደመወዝ መስመር ላይ የጻፈ በጀት ይመለሳል፤ ከተከፈለም በኋላ ኦዲት ያስመልሰዋል።

ግለሰብ ለጋሾች። «መደገፍ ለምትፈልጉ» ከሚል ጥሪ ይልቅ መጠኑ የታወቀ ጥያቄ ይሠራል፦ የአንድ ለማጅ የአንድ ወር ደመወዝ፣ የአንድ ለማጅ ሙሉ የደኅንነት ዕቃ፣ የአንድ ወቅት የማታ መጓጓዣ። ስማቸው ፕሮግራሙ ላይ ይታተማል። ለጋሽ ግን ለማጅ አይመርጥም። የእህቱን ልጅ ይዞ የሚመጣ ለጋሽ ሁልጊዜ አለና ይህን በስጦታው ደብዳቤ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። የመብራትና የድምፅ ዕቃ አከራዮችንም አትርሱ፦ ገንዘብ ባይሰጡ የኮርስ ቀን፣ የመሣሪያ ኪት፣ ወይም ቤቱ ዝግ ሲሆን ለለማጁ በመጋዘናቸው የሚከፈልበት ሥራ ይሰጣሉ። ነገ የሚቀጥሩት እነሱም ናቸውና ጥያቄው ልመና አይደለም።

በጋራ መያዝ። አንድ ለማጅ መክፈል የማይችሉ ሦስት ትናንሽ ቡድኖች አንድ ላይ መያዝ ይችላሉ። አንዱ በሕግ አሠሪ ሆኖ ውሉን፣ ኢንሹራንሱንና ደመወዙን ይይዛል፤ ሁለቱ ለማጁ በሠራላቸው ሰዓት ልክ ገንዘቡን በየወሩ ይተኩለታል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፦ ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ቴክኒክ ልምምድ ሲገቡ፣ እና ለማጁ በሌላው ቤት ሲጎዳ ኢንሹራንሱ ያንን ቤት የማይጨምር ሆኖ ሲገኝ። የቀን መቁጠሪያውን ከመፈረም በፊት አስታርቁ፤ በኢንሹራንሱም ላይ የሦስቱም አድራሻ ይጻፍ።

የማይነካ ፈንድ አቋቁሞ ከትርፉ መክፈል የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም፣ በዓመት 4 በመቶ ለሚያወጣ ፈንድ 3,483 ለማግኘት 87,000 ያህል መነሻ ይጠይቃል። ለትልልቅ ቤቶች ነው።

4. ማመልከቻውን ስትጽፉ

ለማጁ ከሚጀምርበት ቀን 12 ወር በፊት ጀምሩ። ብዙ ፈንዶች ለመወሰን ወራት ይወስዳሉ፤ ውሳኔው የቴአትር ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ከመጣ አሠልጣኙ ሌላ ሥራ ይዟል።

«የወጣቶችን አቅም ማጎልበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ይህ ይነግረዋል፦ «ሁለት ለማጆች በ12 ወር እያንዳንዳቸው 1,750 ሰዓት ሥራ ላይ፣ 144 ሰዓት ክፍል ውስጥ ይሠለጥናሉ፤ በአምስት ዝግጅት ይሠራሉ፤ በመጨረሻው ሩብ ዓመት እያንዳንዳቸው አንድ ትርኢት ብቻቸውን ይይዛሉ።» ቁጥሮቹ ከበጀቱ ሠንጠረዥ ጋር ይገጣጠሙ። ጽሑፉ ሁለት ለማጅ ብሎ ሠንጠረዡ የሦስት ሄልሜት ዋጋ ከያዘ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

መጨረሻ ላይ ሥራ እንደምትሰጧቸው ቃል አትግቡ፣ መደቡ ከሌላችሁ። የምትለኩት ሦስት ነገር በቂ ነው፦ የተጠናቀቀ ሰዓት፣ በአሠልጣኝ የተፈረሙ ክህሎቶች፣ ከጨረሱ ስድስት ወር በኋላ በሙያው እየሠሩ ያሉት።

ከጸደቀ በኋላ የክፍያውን መርሐ ግብር እዩ። ገንዘብ ሰጪዎች ከፍለው ከፍለው ነው የሚልኩት፤ የመጨረሻው ክፍያም ብዙ ጊዜ ከሪፖርት በኋላ ይመጣል። ለማጁ ግን በየወሩ ይበላል። ስለዚህ የሦስት ወር ደመወዝ ከነአሠሪ ድርሻው፣ በምሳሌያችን 483፣ ባንክ ሳይገባ የለማጅ ቅጥር ማስታወቂያ አይውጣ።

5. ውሉ

ለማጁ የደመወዝ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ይግባ። «የኪስ ገንዘብ» ወይም «አበል» ተብሎ በእጅ የሚሰጥ ክፍያ ጡረታና ኢንሹራንስ ያስቀራል፣ በአደጋ ጊዜም ቤቱን ለብቻው ተጠያቂ ያደርጋል። የሙያ መልመጃ ውሉ ሙያውን፣ የአሠልጣኙን ስም፣ የሥራ ሰዓቱን ከነጣሪያው፣ የደመወዝ እርከኑን ከነወሩ፣ የዕረፍት ቀኑን፣ በአንድ ሥራ ማብቂያና በቀጣዩ መጀመሪያ መካከል የሚኖረውን ዕረፍት (11 ሰዓት ጥሩ ልክ ነው)፣ አሠልጣኙ ቢለቅ ማን እንደሚተካ ይያዝ። የመጨረሻው ተራ ጉዳይ ይመስላል። ጎበዝ አሠልጣኝ ግን ለጉዞ ዝግጅት ይጠራል፤ ተተኪ ያልተጻፈለት ለማጅ ቀሪውን ወር ቡና አምጪ ሆኖ ይጨርሳል።

ምርጫውን ቀላል አድርጉት። ማስታወቂያው በመጀመሪያው መስመር ደመወዙን ይናገር፤ ማታና ቅዳሜና እሁድ ሥራ እንዳለም ይግለጽ። ዲግሪ አትጠይቁ። የነጥብ መስጫ ወረቀቱ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ይዘጋጅ። የሙከራ ቀን ካለ ይከፈልበታል።

6. ሥልጠናው በእርግጥ መኖሩን የምታረጋግጡበት

እያንዳንዱ ክህሎት ሦስት ፊርማ ይኑረው፦ አየሁ፣ በክትትል ሠራሁ፣ ብቻዬን ሠራሁ። ቀኑና የአሠልጣኙ ፊርማ አብሮ ይቀመጥ። ሦስተኛው ፊርማ የሌለበትን ሥራ ለማጁ ብቻውን አይነካም፤ ቴክኒክ ሳምንት የቱንም ያህል ቢያጣድፍ።

በክብደት የሚመጣጠን የመድረክ ማንሻ ላይ ይህ ደንብ ሕይወት ያድናል። ዲኮር ሲሰቀል የሚሰቀልበት ብረት ወደ ወለል ይወርዳል፣ ዲኮሩ መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ላይ ባለው መወጣጫ ማመጣጠኛ ክብደቱ ይጫናል። ሲፈርስ ተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ክብደቱ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ዲኮሩ ይፈታል። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ የክብደቱ ጎን ከዲኮሩ ጎን ይከብድና ብረቱ ማንም ሊይዘው በማይችል ፍጥነት ወደ ላይ ይወነጨፋል፣ ክብደቱም ይወድቃል። ማፍረስ የሚሠራው ሁሉም በደከመበት ሰዓት ነው። ለማጅ በዚያ ሰዓት ከላይ ሆኖ ክብደት አያራግፍም፣ ሦስቱ ፊርማ ካልተሟላለትና አሠልጣኙ በዓይኑ ካላየው በቀር።

አስተባባሪው በየሳምንቱ የሰዓት መዝገቡን ይመልከት። ለማጁ ከሥራ ሰዓቱ ከሩብ በላይ በማይማርበት ሥራ (መጥረግ፣ ወንበር መደርደር፣ መላላክ) ከዋለ በዚያው ሳምንት አሠልጣኙን ያነጋግሩ፤ ወር ካለፈ ልማድ ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አሠልጣኙ በሌለበት ለማጁን ብቻውን ያነጋግሩት። ስድብ፣ ትንኮሳ፣ ያልተመዘገበ ሰዓት የሚወጣው እዚያ ነው፤ ቅሬታውን የሚቀበለው ሰው ለማጁን የሚገመግመው ሰው መሆን የለበትም።

7. ለሁለተኛው ዓመት

ቀጣዩን ገንዘብ በ5ኛው ወር ጠይቁ። 12ኛው ወር ላይ የጠየቀ ቤት ቢያንስ አንድ ወቅት ያለ ለማጅ ያሳልፋል፤ አሠልጣኙም ያገኘውን ልምድ ይረሳል። ለማመልከቻው የምታያይዙት እስከዚያ ድረስ ያለው የሰዓት መዝገብ፣ የተፈረመ የክህሎት ወረቀትና ከበጀት ጋር የተነጻጸረ ትክክለኛ ወጪ ነው። መጓጓዣው ከታሰበው በላይ ወጥቶ ከሆነ እንደዚያው ጻፉና ምክንያቱን አስረዱ፤ ወጪው ሁሉ በበጀቱ ልክ የሆነ ሪፖርት ገምጋሚን ያጠራጥራል።

ከመጀመሪያው ዙር ለሚወጡት ደግሞ በ10ኛው ወር ለሚቀጥሩ ቤቶችና ዕቃ አከራዮች ደውሉላቸው። ሲሄዱ ይዘውት የሚወጡት አራት ነገር ነው፦ ሰዓትና ክህሎት የተመዘገበበት የተፈረመ መዝገብ፣ የኮርስ የምስክር ወረቀቶች፣ በሠሩበት ዝግጅት ሁሉ ፕሮግራም ላይ ከነሙያቸው የታተመ ስም፣ እና የአሠልጣኙ የድጋፍ ደብዳቤ። ደብዳቤው ምን ብቻቸውን እንደሠሩ ይናገር። «ታታሪና ቅን» የሚል ደብዳቤ ማንንም ሰሌዳ ላይ አያስቀምጥም፤ «አምስት ትርኢት ብቻዋን ይዛለች» የሚለው ያስቀምጣል።